ሮክ ኮንሰርት ስትሄዱ የት ትቆማላችሁ? ከቲኬት ግዢ እስከ ማግስቱ ጠዋት

የሮክ ባንድ በአካል ማየት እያማራችሁ ከየት እንደሚጀመር ግራ ለገባችሁ ነው የምጽፈው። ምሳሌዬን ከዋሽንግተን ዲሲ አደርጋለሁ። እዚያ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹና የከተማዋ ስመ ጥር የሮክ ቤት የደቂቃዎች የእግር መንገድ ናቸው። ደግሞም ዲሲ የፖለቲካ ከተማ ትባል እንጂ በሮክ ቀላል አይደለችም። ባድ ብሬንስ፣ ማይነር ትሬትና ፉጋዚ የተባሉት ባንዶች የወጡት ከዚያ ነው። የፉ ፋይተርስ ባንዱ ዴቭ ግሮልም ያደገው ወንዙን ተሻግሮ ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለንደን ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁም የቤቶቹን ስም ብቻ ቀይሩ፤ ሌላው ያው ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

«ሮክ የኛ አይደለም» የሚል ዘመድ ካላችሁ ጃኖ ባንድን አስደምጡት። በ2012 የወጣውን «ኤርታሌ» የተባለ አልበማቸውን ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው።

ወደ ጉዳያችን ስንገባ፣ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ቲኬቱ ነው። እኔ ግን ምሽቱን የሚወስነው የምትቆሙበት ቦታ ነው ባይ ነኝ። ያው ባንድ፣ ያው ዘፈን፣ አስር እርምጃ ወዲህና ወዲያ ሲኮን ሌላ ኮንሰርት ይሆናል። ከታች ያለው ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ በደህና ለመድረስ ነው።

ቤቱን ምረጡ

ዲሲ ውስጥ በየመጠኑ ቤት አለ። ቪ ስትሪት ላይ ያለው 9:30 ክለብ 1,200 ሰው ገደማ ይይዛል። አጠገቡ በ2023 የተከፈተው አትላንቲስ 450 ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። የተሠራውም የመጀመሪያውን 9:30 ክለብ እንዲመስል ነው። ዋርፍ በተባለው የወንዝ ዳር ሰፈር ያለው «ዘ አንተም» የተባለ አዳራሽ እስከ 6,000 ያስገባል። በ2017 ተጫውተው የከፈቱት ፉ ፋይተርስ ናቸው፤ አትላንቲስንም እንዲሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን 20,000 ሰው ገደማ የሚይዘው ካፒታል ዋን አሬና አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው። አሬናውን ተዉት፣ ከ500 እስከ 1,500 ሰው የሚይዝ ቤት ፈልጉ። አሬና ውስጥ ሩቅ ወንበር ይዞ መቀመጥ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ቴሌቪዥን ማየት ነው። ትንሽ ቤት ውስጥ ግን የጊታሪስቱ ጣት ክሩ ላይ ሲሄድ ታያላችሁ። የ9:30 ክለብ መድረክ ደግሞ ጎማ አለው። የተሸጠው ቲኬት አነስ ካለ መድረኩን ወደፊት ይገፉታል፤ ሰውም ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተበተነ አይመስልም። ይህን ያሰበ ሰው ይመቸው።

ቲኬት

ቲኬት ብዙ ጊዜ ለሽያጭ የሚለቀቀው ዓርብ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት ግን ቅድመ ሽያጭ አለ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል የሚመጣው በባንዱ ወይም በቤቱ የኢሜይል ዝርዝር ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ተመዝገቡ፣ ነፃ ነው። የሽያጩ ቀን ከመድረሱ በፊት አካውንታችሁን ክፈቱ፣ የካርድ ቁጥራችሁንም አስገቡ። ሰዓቱ ሲደርስ የይለፍ ቃል ማስታወስ የጀመረ ሰው ቲኬቱን ለሌላ አስረክቧል።

ወደ ሽያጩ የምትገቡት ከራሱ ከቤቱ ድረ ገጽ ይሁን። ጎግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። መልኩ ኦፊሴላዊ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ቲኬት ገዝቶ መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ዋጋውም እጥፍ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከግንቦት 2025 ወዲህ የቲኬት ሻጭ ክፍያዎቹን ሁሉ የደመረ ዋጋ ገና ከመጀመሪያው እንዲያሳይ የፌዴራል ደንብ ያስገድደዋል። መጨረሻ ላይ «የአገልግሎት» ተብሎ የማይታወቅ ነገር ከተጨመረባችሁ ገጹን ዝጉ።

ቲኬቱ አልቋል ቢባል ተስፋ አትቁረጡ። ኮንሰርቱ ሲቃረብ የማይመቻቸው ሰዎች መሸጥ ይጀምራሉ። ግን በቴሌግራም ግሩፕ «ሁለት ቲኬት አለኝ፣ ስክሪንሹት እልካለሁ» ከሚል ሰው አትግዙ። ዛሬ የብዙ ቲኬት ባርኮድ በየጥቂት ሴኮንዱ ይለዋወጣል። ስክሪንሹት በር ላይ ዋጋ የለውም። ሻጩ በአፑ በኩል በስማችሁ ያስተላልፍላችሁ፤ እምቢ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው።

«ጄኔራል አድሚሽን» የሚል ካያችሁ የወንበር ቁጥር የለም ማለት ነው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይቆማል። ጉልበት ካላችሁ ይህንኑ ምረጡ።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት

ዘፈኖቹን አድምጡ። ባንዶች በአንድ ጉዞ ላይ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ዝርዝር ይጫወታሉ። ያለፈው ሳምንት የትኛው ከተማ ምን እንደተጫወቱ ደግሞ ሴትሊስት ዶት ኤፍኤም የተባለ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። መደነቅ የሚወድ ሰው ባያየው ይሻላል። እኔ አያለሁ። ሽንት ቤት መቼ እንደምሄድ ማወቅ እወዳለሁ። ሁሉም ባንድ ግን እንደዚያ አይደለም። ሜታሊካ በ2023 በጀመሩት ዓለም አቀፍ ጉዞ በብዙ ከተሞች ሁለት ሁለት ምሽት ተጫውተዋል፤ የሁለተኛው ምሽት ከመጀመሪያው አንድም ዘፈን አይደግምም።

ግጥሙን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም። የአምስት ስድስት ዘፈን አዝማች በቂ ነው። ሕዝቡ አብሮ ሲጮህ አፍን ዘግቶ መቆም ሰርግ ቤት ገብቶ አለማጨብጨብ ነው። መክፈቻውን የሚጫወተውንም ባንድ ሁለት ዘፈን ስሙ። የዛሬው ከፋች ነው የነገው ባለ ስም።

ጫማ፣ ልብስ፣ ጆሮ

ጫማችሁ የተሸፈነ፣ የለመዳችሁትና በደንብ የሚታሰር ይሁን። ሰንደል አይታሰብም፤ ሰው እግራችሁን ይረግጣል፣ ቢራም ይፈስበታል። ክረምት ቢሆንም ከላይ ወፍራም አትልበሱ። ውስጡ ይሞቃል፤ ኮት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ክንድ ላይ ሸክም ነው። የኮት ማስቀመጫ ካለ ጥቂት ዶላር ከፍላችሁ ተገላገሉ። ትልልቅ የጆሮ ቀለበት አውልቁ። የአንገት መስቀል ያላችሁ ወይ ከካናቴራው ስር ክተቱት ወይ እቤት ይቆይ። ግፊያ ውስጥ ክሩ ከተበጠሰ መስቀሉን ማግኘት ዘበት ነው። ቦርሳን በተመለከተ የየቤቱ ደንብ ይለያያል። ስልክ፣ መታወቂያ፣ ካርድ፣ ቁልፍ፣ አራቱም ዚፕ ባለው የፊት ኪስ ይግቡ።

አሁን ጆሮ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም ሐበሻ ጓደኞቼን በዚህ ማሳመን አልቻልኩም።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች ያወጡት ልክ እንዲህ ነው። 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ይቻላል። ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ሲደርስ 1 ሰዓት፣ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የሮክ ኮንሰርት 100ን ማለፉ የተለመደ ነው፤ የሚቆየው ደግሞ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ድምፅ የሚቀበለው የውስጥ ጆሮ ፀጉር ሴል ከተበላሸ ተመልሶ አይበቅልም። ከባድ ሒሳብ አይደለም።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ የጆሮ መሰኪያ። የስፖንጁ ዓይነት በሳንቲም ደረጃ ይገኛል፣ ብዙ ቤቶችም ባሩ ላይ አላቸው። ችግሩ ሰው በትክክል አያስገባውም። በጣታችሁ እንደ ክር እስኪቀጥን አድቦልቡሉት። በሌላው እጃችሁ በራስ ላይ ዞራችሁ የጆሯችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ። ከዚያ አስገቡትና እስኪያብጥ 30 ሴኮንድ ያህል በጣት ያዙት። የራሳችሁ ድምፅ ከውስጥ ጎልቶ ከተሰማችሁ በደንብ ገብቷል። ስፖንጅ ግን ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፤ ሲምባሉ፣ ማለትም የድራሙ የብረት ሳህን፣ ይታፈናል። ደጋግማችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ ለሙዚቀኞች የሚሸጠውን ግዙ። 20 ዶላር ገደማ ነው፤ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ ቃናውን አይለውጥም። እንዲያውም ዘፋኙ የሚለው የበለጠ ይለያል።

ሰዓት፣ ሆድና በር

እዚህ ላይ የለመድነውን እንርሳ። የአገር ቤት ዘፋኝ ዲሲ ሲመጣ ፖስተሩ ምሽት ይላል፣ ሰውየው ብቅ የሚለው እኩለ ሌሊት ካለፈ ነው። ሮክ ቤት እንዲህ የለም። ቲኬቱ ላይ በር የሚከፈትበትና ትርኢቱ የሚጀምርበት ሰዓት ይጻፋል፤ ብዙ ቤቶች ዋናው ባንድ የሚወጣበትን ሰዓትም በዕለቱ ያወጣሉ። ያከብሩታልም። በሐበሻ ሰዓት ከመጣችሁ የምትደርሱት ገመድ ሲጠቀለል ነው።

በሩ ከመከፈቱ ሁለት ሰዓት በፊት ብሉ። 9:30 ክለብ ለመሄድ ዩ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ 9ኛ መንገድ አካባቢ ከሐበሻ ቤቶች አንዱ ጎራ በሉ። ክትፎውን ግን ለሌላ ቀን አቆዩት። ከጥሬ ሥጋና ከሚጥሚጣ ጋር መዝለል አይመከርም። በያይነቱ ለዚህ ቀን የተፈጠረ ነው። ውሃ ከቀን ጀምሮ ጠጡ፤ መድረኩ ፊት ከቆማችሁ በኋላ ወደ ባር መሄድ ቦታ መልቀቅ ነው።

በር ላይ መታወቂያ ያያሉ። ከ21 ዓመት በታች ከሆናችሁ እጃችሁ ላይ ጥቁር ኤክስ ሊያደርጉባችሁ ይችላሉ፤ መጠጥ አይሸጥላችሁም ማለት ነው። ይህን አትፈሩበት። በ1980 የዲሲ ታዳጊ የፓንክ ሮክ ልጆች ከካሊፎርኒያ ያመጡት ምልክት ነው፤ ቆይቶ መጠጥና ዕፅ የማይነኩ ሮከሮች መለያ አደረጉት።

ገና እንደገባችሁ፣ መጠጥም ቲሸርትም ከመግዛታችሁ በፊት፣ ዙሪያችሁን እዩና ከገባችሁበት በር ሌላ ሁለት መውጫ ፈልጉ። በየካቲት 2003 ሮድ አይላንድ ውስጥ ስቴሽን በተባለ ክለብ የባንዱ ርችት እሳት አስነስቶ 100 ሰው አልቋል። አብዛኛው ሰው የሮጠው ወደ ገባበት በር ነበር፤ በሩም ላይ ተደራረበ።

የት ልቁም?

የብረት አጥሩ ላይ፣ ከመድረኩ ስር። ዓይን የሚጠግበው እዚህ ነው። የዘፋኙ ላብ ይረጫችኋል፣ ፒክ (የጊታር መምቻ) ቢወረወር ይደርሳችኋል። ድምፁ ግን የቤቱ መጥፎ ነው። ዋናዎቹ ድምፅ ማጉያዎች ከግራና ከቀኝ ተሰቅለው ከራሳችሁ በላይ ወደ ኋላ ይጮኻሉ። እናንተ የምትሰሙት ከመድረኩ በቀጥታ የሚመጣውን ድራምና የጊታር አምፕ (የጊታሩ የራሱ ማጉያ) ነው፤ የዘፋኙ ቃል ይሰወራል። ቤዝ ማጉያው ብዙ ጊዜ መድረኩ ስር ነው፤ ፊቱ ከቆማችሁ የሱሪያችሁ እግር ሲርገበገብ ይታያችኋል። አጥሩን የሚፈልግ ሰው በር ከመከፈቱ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይሰለፋል፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው አይነቃነቅም።

የድምፅ ሰውዬው አጠገብ። አዳራሹ መሀል ወይም ኋላ ላይ ብዙ ቁልፍ ያለው ሚክሰር ይዞ የቆመ ሰው አለ። ድምፁን የሚያስተካክለው ለራሱ ጆሮ ነው። ከፊቱ ሁለት ሦስት እርምጃ ቁሙና የተከፈለበትን ድምፅ ስሙ። የእኔ ቦታ ይህ ነው። ቁመተ አጭር ብትሆኑም ከጠረጴዛው አጥር ጥግ ላይ ከቆማችሁ በአንድ በኩል የሚገፋችሁ ሰው አይኖርም።

ሰገነቱ ላይ ጥሩ ይታያል፤ መደገፊያ ብረቱን ለመያዝ ግን ቶሎ መድረስ ነው። ከሰገነቱ ስር ያለውን ሽሹት፣ ድምፁ የታፈነ ነው።

ብቻችሁን ለምትሄዱ፣ በተለይ ለሴቶች፣ ከመድረኩ ወደ ጎን ያለው ቦታ ይመቻል። ቅርብ ነው፣ ግፊያው ቀለል ይላል፣ ሴኩሪቲውም እጅ ሲያነሱ ያያል። የሚነካካ ወይም የሚያስቸግር ሰው ካለ ሳትግደረደሩ ተናገሩ፤ እሱን ማስወጣት ሥራቸው ነው።

ሞሽ ፒት

መሀል ላይ ሰው ክብ ሠርቶ የሚጋፋበት ቦታ ነው። ከሩቅ ጠብ ይመስላል። ሕግ ግን አለው። የወደቀ ሰው ካለ የቀረበው ሁሉ ወዲያው ያነሳዋል። ክርንና ቡጢ አይነሳም። ጠርዙ ላይ እጁን አጣምሮ የቆመ አይጎተትም። የጠፋ ጫማ ወይም ስልክ ያገኘ ሰው ከፍ አድርጎ ያሳያል። መሞከር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አንድ ዘፈን ከዳር ሆናችሁ ተመልከቱ፤ መነጽራችሁን አውልቁ፤ ስትገቡ እጃችሁ ደረታችሁ ፊት ይሁን። ሲበቃችሁ ወደ ዳር ውጡ፤ የሚታዘባችሁ የለም።

ሁሉም ባንድ ይወደዋል ማለትም አይደለም። የዲሲዎቹ ፉጋዚ መግቢያቸው 5 ዶላር ነበር። ሰው የሚጎዳ ካዩ ዘፈኑን አቁመው ይገስጹት ነበር። አልሰማ ካለ 5 ዶላሩን በፖስታ አድርገው መልሰውለት ያስወጡት ነበር። የሐበሻ ሽማግሌ እንኳ ከዚህ የተሻለ አይገላግልም።

ከፒቱ ይልቅ የሚያሰጋው ዝም ብሎ እየጨመረ የሚሄድ መጨናነቅ ነው። በታኅሣሥ 1979 ሲንሲናቲ ውስጥ ዘ ሁ የተባለው ባንድ ሊጫወት ሲል በር ላይ በተፈጠረ ግፊያ 11 ሰው ሞቷል። በ2000 ዴንማርክ፣ ሮስኪልድ ፌስቲቫል ላይ ፐርል ጃም እየተጫወተ 9 ሰው ሞቷል። ምልክቱን እወቁ። ሳትፈልጉ ከሰው ጋር ስትወዛወዙና እጃችሁን ወደ ፊታችሁ ማንሳት ሲያቅታችሁ መውጫው ጊዜ ያኔ ነው። ክንዳችሁን እንደ ቦክሰኛ ደረታችሁ ላይ አድርጉ፤ መተንፈሻ ቦታ ይሰጣችኋል። አንድ እግር ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ግፊቱን በግፊት አትመልሱ። ሞገዱ ጋብ ባለ ቁጥር ወደ ጎን በሰያፍ ጥቂት ጥቂት ሂዱ። ከወደቀ ስልክ በኋላ አትጎንበሱ። አጥሩ ከቀረባችሁ እጃችሁን ለሴኩሪቲው ስጡ፣ ጎትቶ ያወጣችኋል።

እጅ፣ ስልክና ዶላር

ሌባ ጣትና ትንሿ ጣት ተነስተው የሚታየውን የቀንድ ምልክት ሰይጣናዊ ነው ብሎ የሚፈራ አለ። ምልክቱን በሮክ መድረክ ያስለመደው ብላክ ሳባት ውስጥ የዘፈነው ሮኒ ጄምስ ዲዮ ነው። የተማረውም ከጣሊያናዊት አያቱ ነው። እሳቸው የሚያደርጉት ክፉ ዓይንን ለመመለስ ነበር። እኛ ቤት ቢሆን ለቡዳ ማለት ነው። አውራ ጣታችሁን ወደ ውስጥ እጠፉት። ከተዘረጋ በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ «እወድሃለሁ» ይሆናል። እሱም ክፋት የለውም።

ስልክን ለአንድ ዘፈን አውጡና መልሱ። ከኋላችሁ ያለው ሰው የከፈለው የእናንተን ስክሪን ለማየት አይደለም። ቱል የተባለው ባንድ እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ መቅረጽ ይከለክላል፣ የጣሰውንም ያስወጣል። ሌሎች ደግሞ ስልካችሁን በሚቆለፍ ከረጢት ያስገቡባችኋል። ስለዚህ ከጓደኛ ጋር ከተጠፋፋችሁ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሌላው፣ ደስ ሲላችሁ መድረክ ላይ ወጥቶ ግንባር ላይ ዶላር መለጠፍ የለም። ሳትጨርሱ ሴኩሪቲው አንጠልጥሎ ያወርዳችኋል። ሽልማት መስጠት ከፈለጋችሁ ወደ ቲሸርት ጠረጴዛው ሂዱ። በተለይ ለትንንሽ ባንዶች ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ የቤንዚናቸው ነው። ልካችሁን ለማግኘት ደግሞ ሲገቡ ግዙ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ወይ የሕፃን ወይ የግዙፍ ነው።

አለቀ ወይስ አላለቀም?

ባንዱ «ደህና እደሩ» ብሎ ይወጣል፣ መብራቱ ይጠፋል። አትውጡ። ብዙ ጊዜ ተመልሰው ሁለት ሦስት ዘፈን ይጫወታሉ። አገር ቤት «ይደገም!» እንደምንለው እዚህም መጮህ፣ ማጨብጨብ፣ ወለሉን መምታት ነው። መመለሳቸውን ለማወቅ መድረኩን እዩ። የአምፖቹ ትንንሽ ቀይ መብራቶች ከበሩ፣ አንድ ጥቁር የለበሰ ሠራተኛም በባትሪ እያየ ጊታር ሲያስተካክል ካያችሁ ይመለሳሉ። የአዳራሹ መብራት በርቶ ከማጉያው የተቀዳ ሙዚቃ ከመጣ አልቋል። ያኔ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ወለሉ ላይ በቴፕ የተለጠፈውን የዘፈን ዝርዝር ወረቀት ሠራተኞቹ ሲነቅሉ በትሕትና ብትጠይቁ ይሰጧችኋል፤ ከሚጮኸው ይልቅ የሚለምነው ነው የሚያገኘው።

ስትወጡ ሁሉም በአንድ ጊዜ ኡበር ይጠራል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። አራት አምስት ብሎክ በእግር ሄዳችሁ ጥሩት፣ ወይም ዋጋው እስኪወርድ 9ኛ መንገድ ሻይ ጠጡ። ሾፌሩ የአገር ልጅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በባቡር የምትሄዱ የመጨረሻውን ሰዓት ከቤት ሳትወጡ እዩ።

ማግስቱ ጠዋት ጆሯችሁ ጭው ካለ መሰኪያው በደንብ አልገባም፣ ወይም አላደረጋችሁትም። ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይተዋል፤ እስከዚያ ጆሮ ማዳመጫ አትጠቀሙ። ካልተወ ወይም አንዱ ጆሮ ከደነዘዘ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ «ይሻለኛል» እያላችሁ ሳምንት አትቁጠሩ። አንገታችሁ ራስ ስትወዘውዙበት አምሽታችሁ ከሆነ ይደርቃል፤ ሙቅ ውሃ ይበቃዋል። ቲሸርቱን ደግሞ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥም አትክተቱት፤ ሕትመቱ ይሰነጣጠቃል።